እርሳሳችንን ያስቀመጥንበት ቀን

የአሥራ አንደኛ ክፍል የቴክኒካል ድሮዊንግ መምህራችንን «ቱምቢ» ነበር የምንላቸው። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በሲባጎ የሚንጠለጠለው ብረት ማለት ነው። ስሙ በከንቱ አልወጣላቸውም። ሃምሳ አራት ዓመት ሆኗቸው እንኳ ሲቆሙ እንደ ምሰሶ ቀጥ ይላሉ። ሰሌዳው ላይ ደግሞ ያለ ማስመሪያ ከዳር እስከ ዳር መስመር ያሰምሩና «ኑ፣ ለኩ!» ይሉናል። ለክተን ጠማማ ያገኘንበት ቀን አልነበረም።

ሙጫ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የሴቶች መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ተበላሽቶ፣ አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ በየጠዋቱ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆማ «እንደምን አደሩ፤ ቧንቧውስ?» ስትል ከረመች። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ተሠራ። እሷ ደግሞ በአጸፋው እኔን «ሬዲዮ» አለችኝ፤ ወሬ አያድርብሽም ለማለት ነው። እውነቷን ነው። ይኸው አሁንም እያወራሁ አይደል?

ያን ዓመት ሙጫ የጤና ክበብ ጸሐፊ ነበረች። የትምህርት ቤታችን ነርስ፣ ሲስተር፣ ተማሪው ስለ ስኳር በሽታ ምን ያህል እንደሚያውቅ ማወቅ ፈለገችና ሃያ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች አስታደለች። ስኳር በሽታ የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቅ አልተገኘም። ጉዱ የወጣው አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ነው። «በሽታው ካልተቆጣጠሩት የትኞቹን የሰውነት ክፍሎች ይጎዳል?» ይላል። ዓይን ብለው የጻፉት አሥራ ዘጠኝ ልጆች ናቸው፤ እግር ያሉት ስምንት። አንዱ «ጥርስ፣ በከረሜላ ምክንያት» ብሎ ጽፏል። ሌላው «ኪስ» ብሏል። እኔ ባዶውን ነው የተውኩት።

እኛ ስንስቅ ሲስተር አልሳቀችም።

«ይሄ በሽታ አይጮህም» አለችን። «ዓይንን በጀርባው በኩል ቀስ እያለ ነው የሚበላው። ሰውየው ያያል፣ ያያል፣ አንድ ቀን ፊደሉ ይደበዝዝበታል፣ ቀጥ ያለው ነገር ይጎብጥበታል። እግር ደግሞ ስሜቱን ያጣል። እሾህ ቢወጋው አያውቅ፣ እሳት ቢፈጀው አያውቅ። ሰውየው ባወቀበት ጊዜ ቁስሉ አጥንት ጋ ደርሷል።»

ሙጫ ቃል በቃል ጻፈችው። እኔ በመስኮት ኳስ የሚጫወቱትን አይ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቱምቢ የቤት ሥራችንን አርመው መለሱልን። አንድ ቤት ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ሲታይ እንዴት እንደሚሆን የሣልንበት ነው። ሙጫ ሦስት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብላ የሠራችው ሥራ ነበር። ስድሳ አንድ አገኘች። ከታች በቀይ እስክሪብቶ «መስመሮችሽ ጎባጣ ናቸው!» ይላል።

«ጎባጣ?» አለች። ማስመሪያዋን አውጥታ አንድ በአንድ ለካች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «እስቲ አንቺ እዪው።»

አየሁት። የተወጠረ ክር ነው የሚመስለው። ሰባ አምስት የተሰጠኝን የራሴን አየሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የኔ ቤት ነፋስ የነቀነቀው ይመስል ነበር።

በእረፍት ሰዓት ማርኳን ልታስመልስ ወደ መምህራን ክፍል ገሰገሰች። ጠብ ማየት ስለምወድ ተከተልኳት። ቱምቢ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛቸው ብቻቸውን ተቀምጠው ውኃ ይጠጣሉ።

«ቲቸር፣ ማርኬ ላይ ቅሬታ አለኝ።»

«ቅሬታ ያለው ሰው መስመሩን ያስተካክል።»

«መስመሩ ቀጥ ነው። በማስመሪያ ይዩልኝ።»

ፈገግ አሉ። ከመሳቢያቸው ያንን የሚወዱትን የብረት ማስመሪያ አወጡና መስመሩ ላይ አጋደሙት። ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ማስመሪያውን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዙረው በአንድ ዓይናቸው አነጣጠሩበት።

«ይሄን ማስመሪያ ደግሞ ማነው ያጎበጠው?» አሉ።

ከኋላ ሆኜ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ሙጫ ግን ብረቱን ከእጃቸው ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ጥፍሯን በሥሩ ለማሾለክ ሞከረች። የትም አይገባም። ልጥፍ ብሏል።

«ቲቸር፣ ማስመሪያው አልጎበጠም።»

«ሠላሳ ዓመት ማስመሪያ የያዝሽው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

«እርስዎ ነዎት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

የቱምቢ ፊት ተለዋወጠ። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። «ውጪ!» አሉ። የምትወጣው እሷ ብትሆንም እኔ ቀድሜ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ስደርስባት «ማርክሽስ?» አልኳት።

«ማርኩ ገደል ይግባ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ። ሙጫ አንድ ማርክ እንኳ ለማንም ለቃ አታውቅም። ክንዴን ይዛ «ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ፤ «በተለይ አንቺ።» «በተለይ እኔ» ብዬ ማልኩ። ዘጠኝ ቀን ቻልኩት። ፍም አፌ ውስጥ ይዤ የተቀመጥኩ ያህል ነበር።

በእነዚያ ቀናት ሙጫ ከደብተሯ ጀርባ የምታየውን ሁሉ መጻፍ ጀመረች። ቱምቢ ወደ ሰሌዳው ሲወጡ ደረጃውን በእግራቸው ይዳብሳሉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለቴ ወደ መጸዳጃ ቤት ይወጣሉ። የፊት ረድፍ ልጆችን ስም ያምታታሉ። ያሰመሩትን መስመር ረስተው በላዩ ላይ ሌላ ያሰምራሉ። ለካ እኛም አይተነው ነበር፤ «አረጁ» ብለን ነው ያለፍነው። ሙጫ ለሲስተር ነገረቻት። ሲስተር ሁለት ጊዜ በጎን ጠርታቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብለው ቀሩ።

ሰኞ ጠዋት ቱምቢ ረጅሙ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያስረዱ እግራቸውን አጣጠፉ። የግራ ጫማቸው ሶል ወደ እኛ ዞረ። ሶሉ በልቷል። በአውራ ጣታቸው በኩል አንድ ቢጫ ክብ ነገር ያብለጨልጫል። ዓርብ ዕለት የተማሪ ሥራዎች ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ የተጠቀሙበት፣ ያ ባለ ክብ ራስ ፒን ነው።

ሙጫ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጫማዎ ላይ ፒን ተሰክቷል።»

እግራቸውን አገላብጠው አዩ። በጥፍራቸው ያዙና ሳቡት። ረጅም ነበር። ጫፉ ቀይ ሆኖ ወጣ። አርባ አንዳችንም ፊታቸውን አየን፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም። የሌላ ሰው እግር የያዙ ነው የሚመስሉት።

«አላመመዎትም?» አለች ሙጫ።

«ምኑ?» አሉ። ከዚያ የራሳቸው ቃል ጆሯቸው ውስጥ የገባ መሰለ። ፒኑን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ፒኑን ሲረግጡት መሰንበታቸው ነው። ትምህርቱን እስከ ደወሉ ጨረሱ፤ ጠመኔዋ ግን እጃቸው ላይ ሁለቴ ተሰበረች።

ሲደወል ሙጫ በሩ ላይ ቆመች። «ሲስተር ጋ አብረን እንሂድ።» ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ተከተሏት፤ እኔም ከኋላቸው።

ካልሲው ሲወልቅ ከአውራ ጣታቸው ሥር ቀዳዳ አለ። ዙሪያው ነጭ ሆኖ ረጥቧል፤ ይሸታል። ሲስተር ካጸዳችው በኋላ አንድ ቀጭን የናይሎን ክር አወጣች። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። በነካሁዎት ቁጥር ‹አዎ› ይበሉኝ።»

ጨፈኑ። ሲስተር ክሩን የእግራቸው ጣት ላይ ጫን አደረገች። ተረከዛቸውን። መሐሉን። ሌላውን ጣት። እኔና ሙጫ እናያለን። ቱምቢ ትንሽ ጠበቁና «ይጀምሩ እንጂ፣ ሲስተር» አሉ።

«ጨርሻለሁ» አለች ሲስተር።

ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ሲስተር ስትጠይቅ ጉዳዩ ቀስ በቀስ ወጣ። ስኳሩ ከተገኘባቸው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ኪኒኑን ሲያስታውሱ ይውጣሉ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደው አያውቁም፤ ማየት ሲያቅታቸው ሱቅ ገብተው መነጽር ይቀይራሉ። «የኔ ቀላሉ ስኳር ነው» አሉ።

«ቀላል ስኳር ሻይ ውስጥ ነው ያለው» አለች ሲስተር፤ የሆስፒታል መላኪያ ወረቀትም ጻፈችላቸው። «ዛሬውኑ። ነገ አይደለም።»

በማግስቱ ቱምቢ እንደ ወትሯቸው በሰዓታቸው መጡ። ያው ጫማ። የመላኪያው ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ ከደረት ኪሳቸው ጫፉ ይታያል። ሙጫ በግቢው በር ሲገቡ አይታቸው ወደ እኔ ሮጠች።

«ሬዲዮ፣ መሐላሽን ፈትቼልሻለሁ። ተናገሪ።»

እግዜር ይስጣት! ደወሉ ሳይደወል ክፍሉ በሙሉ ሰምቶ ነበር። የምታደርገውንም ነግራኝ ስለነበር እሱንም ጨምሬ ነገርኳቸው።

ቱምቢ ገቡ፤ ሰላምታ ሰጡ፤ «ወረቀታችሁን ዘርጉ» አሉ። ዘረጋን። «እርሳስ።» ያን ጊዜ ሙጫ ተነሥታ ቆመች። እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው።

«ቲቸር፣ ዛሬ አንስልም።»

«ምን አልሽ?»

«ሆስፒታል እስኪሄዱ ድረስ አንስልም።»

እኔ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ከኋላዬ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ የክፍሉ እርሳስ በሙሉ እንጨት ሲነካ። መስኮቱ ጋ የሚቀመጠው ጎበዝ ተማሪ፣ እርሳሱን ለሰው አውሶ የማያውቀው፣ እሱም አስቀመጠ።

«አመፅ ነው?» አሉ ቱምቢ።

«አዎ፣ ቲቸር» አለ አንዱ ከኋላ። ዞር ብለው ሲያዩት «ይቅርታ፣ ቲቸር» ብሎ ጨመረበት።

ማንም አልሳቀም። ቱምቢ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ። «ፈተናችሁ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው። እኔ ከተኛሁ ማን ሊያስተምራችሁ ነው?»

«እግርዎ ከተቆረጠስ ማን ሊያስተምረን ነው?» አለች ሙጫ። እንባዋ መጥቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ዓይንዎ ከጠፋስ? የኔን ቀጥ ያለ መስመር ጎባጣ ነው ብለውኛል። ማርኩን አልፈልገውም። ያንን መስመር መልሰው እንዲያዩት ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ቱምቢ ክፍል ውስጥ ጎብጠው ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ፈርቼ ነው» አሉ። «ጓደኛዬ በሁለት እግሩ ሆስፒታል ገብቶ በአንድ ወጣ። ሐኪሞቹ ናቸው የቆረጡት እል ነበር፣ ባይሄድ ኖሮ እል ነበር።»

«ዘግይቶ ሄዶ ይሆናላ፣ ቲቸር።»

«ዘግይቶ ነው የሄደው» አሉ። ይህን እስከዚያች ቀን ለራሳቸውም ያልነገሩት ነበር የሚመስለው። የታጠፈውን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ፤ ዘረጉት፤ ዓይናቸው ሥር አስጠጉት፤ ማንበብ አቃታቸው። «በምን በኩል ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁ። ሙጫ መንገዱን ነገረቻቸው።

በሩ ላይ ባለቤታቸው ቦርሳ ይዘው ቆመዋል። ጠዋት ቁጥራቸውን ከሲስተር ተቀብላ የደወለችላቸው ሙጫ ናት። ቱምቢን ሲያዩ አልተቆጡም፤ ክንዳቸውን ብቻ ያዙ። ወደ ሙጫ ዞረው «አሥራ አንድ ዓመት ለምኜዋለሁ፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ በምን አስማት ነው?»

«አርባ አንድ ሆነን ነው፣ እትዬ» አለች።

ቱምቢ ሃያ ስድስት ቀን ተኙ። ቁስሉ አመርቅዞ አጥንት ነክቶ ስለነበር የግራ እግራቸው አውራ ጣት ተቆረጠ። ሐኪሙ ለባለቤታቸው «አንድ ሳምንት ቢቆዩ ከቁርጭምጭሚት በታች አይተርፍም ነበር» ብሏቸዋል። ዓይናቸው ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን የደም ሥሮች እያፈሰሱ ብርሃን የሚቀበለው ስስ መጋረጃ አብጦ ነበር፤ ማስመሪያውን ያጎበጠው እሱ ነው። በየወሩ ዓይናቸው ውስጥ መርፌ ይሰጣቸው ጀመር። ሌዘር የሚባለው የጨረር ሕክምናም ተሠራላቸው። ቀኝ ዓይናቸው በአራት ወር ውስጥ ብዙ ተሻለው። የግራው እንደ ደመና ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ያልተበላሸውን እንጠብቃለን እንጂ የጠፋውን ሁሉ እንመልሳለን አላለም።

ከአልጋቸው ሆነው ትምህርቱን በስልክ ድምፅ እየቀዱ ይልኩልን ነበር። «መስመሩን አሁን ባላየውም አሰማመሩን አፌ ያውቀዋል» ይሉናል። አርባ አንዳችን አንዲት ስልክ ከበን እናዳምጣለን። አልፎ አልፎ ከኋላ የአስታማሚ ሳል ይሰማል፤ አንዴም ነርሷ «ጋሼ፣ ይበቃል፣ ይረፉ!» ስትል ተቀድታ መጣችልን። ፈተናውን ከሦስት ልጆች በስተቀር ሁላችንም አለፍን።

ርእሰ መምህሩ ለአመፁ ቅጣት ግቢውን አስጠረጉን። ሙጫ መጥረጊያውን እንደያዘች ቀርባ ሌላ ነገር ጠየቀቻቸው፤ የዓይንና የእግር ምርመራ የሚሰጡ ባለሙያዎች አንድ ቅዳሜ ትምህርት ቤት እንዲመጡ። እምቢ አሉ። በማግስቱ ጠዋት በራቸው ላይ ቆመች። የቧንቧውን ጊዜ አስታውሰው መሰለኝ፣ በአራተኛው ቀን ፈረሙላት።

ከዚያ በፊት ግን ከሲስተር ጋር ሆና መጠይቁን አዲስ አድርጋ ጻፈችው። በሃያው ጥያቄ ፈንታ ሦስት ብቻ ሆኑ። ቤትህ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አለ ወይ? የዓይኑን ጀርባ ሐኪም ያየለት መቼ ነው? ጫማና ካልሲውን አስወልቀህ የእግሩን ሥርና የጣቶቹን መሐል ስታይ ምን አገኘህ? «ይሄኛው የሚታወቅ አይደለም፤ የሚታይ ነው» አለችን።

እኔ ከእኛ ጋር የምትኖረውን፣ ስኳር ያለባትን አክስቴን ጫማና ካልሲዋን አስወለቅኋት። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ እግሬ ላይ ምን ወሬ አገኘሽ?» እያለች ሳቀች። ተረከዟ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ አንዱ ደምቷል። ሳቋን አቆመች። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ስኳር ያለባቸው አርባ ሦስት ሰዎች ተገኙ። ከእነሱ ሃያ ዘጠኙ ዓይናቸውን ታይተው አያውቁም። ሰባቱ የማያውቁት ቁስል እግራቸው ላይ ነበረባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የዓይን ባለሙያዎችና አንድ የቁስል ነርስ መጡ። ወንበሮቹን ደርድረን፣ መስኮቶቹን በካርቶን ሸፍነን አንዱን ክፍል አጨለምን። ቱምቢ አዲስ ሰፊ ጫማ አድርገው፣ ምርኩዝ ይዘው ከመግቢያው ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ። ሙጫ ስም ትጽፋለች፤ እኔ፣ መቼም ሌላ ሥራ አይሰጠኝም፣ ሰው እጠራለሁ።

እኩለ ቀን አካባቢ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸው እየጎተተቻቸው መጡ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። «ዓይኔን እዩልኝ፤ እግሬ ግን ደህና ነው» አሉ። «ሰው ፊት ጫማ አላወልቅም። በዚህ ዕድሜዬ!» ልጅቷ ልመና ጀመረች። እኔም ጀመርኩ። ሰውየው ፊታቸውን አዞሩ።

ቱምቢ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። የግራ ጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ፤ ካልሲያቸውን አወለቁ። ሰልፍ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ፣ እኛም ተማሪዎቻቸው፣ ጣት የጎደለውን እግር አየነው። ከዚያ በፊት ለማንም አሳይተውት አያውቁም።

«ይሄም ደህና ነበር» አሉ። «ምንም አያመኝም ነበር።»

ሽማግሌው እግሩን አዩ፤ ቱምቢን አዩ። ሙጫ ወንበር ስባ አቀረበችላቸው። ተቀመጡና «እስቲ ያዝልኝ» ብለው ባርኔጣቸውን ለቱምቢ ሰጡ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።